ምጣዷ የገባበት ቤት፦ የጎጃም ደጋ ባለእጅ ሴቶችና የመቶ ዓመት አዋጆች

በጎጃም ደጋ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ፣ ወጥ የሚሠራበት ድስት፣ ጠላ የሚጠመቅበት ጋን፣ ቡና የሚፈላበት ጀበና ለዘመናት የወጡት ከሸክላ ሠሪ ሴት እጅ ነው። አፈሩን ቆፍራ ትሸከመዋለች፤ ወቅጣና ነፍታ ታቦካዋለች፤ በጣቷና በመዳፏ ቅርጽ ታወጣለታለች፤ በእበትና በጭራሮ ተኩሳ በጀርባዋ አዝላ ገበያ ታወርደዋለች። ከደጀን እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከቢቸና እስከ ደብረ ማርቆስ እሷ ያልሠራችው ዕቃ የማይገኝበት ጓዳ አልነበረም። ሴትዮዋ ራሷ ግን ወደዚያ ጓዳ እንደ ወዳጅ አትገባም ነበር። ልጇ ለገበሬው ልጅ አትታጭም። ሕፃን በድንገት ሲታመም፣ የላም ወተት ሲነጥፍ የመንደሩ ሹክሹክታ ወደ እሷ ደጅ ይዞራል። ባሏ ቀጥቃጭ ከሆነ ሐሜቱ ይብሳል፤ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባላል። የዚያን መንደር ማረሻና ማጭድ የሚያበጀው ግን ይኸው ሰው ነው።

ሕግ ይህችን ሴት እንዴት አያት? በአባይ ማዶ ተማርካ የመጣችውን ባሪያ፣ ርስት የሌለውን የሙስሊም ሸማኔ ሚስት፣ በጣና ዳር ደንገል የምትሰፋውን የወይጦ ሴትስ? ከአፄ ምኒልክ ጀምሮ እስከ ዛሬ የወጡትን አዋጆች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አንዱ አዋጅ ለሠራተኛው ወጣ፣ አንዱ ለባሪያው፣ አንዱ ለጭሰኛው፣ አንዱ ለሚስት፣ አንዱ ለብሔረሰብ። ሠራተኛም፣ ሴትም፣ መሬት የለሽም፣ በዘሯ የምትፈራም ሆና በአንድ ጊዜ የቆመችውን አንዲት ሴት ሙሉ አድርጎ ያያት ግን እስካሁን የለም።

ከርስቱ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተሠራው በእሱ ላይ ነውና። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ገበሬዎች መካከል ኖሮ ስለ አማራ የመሬት ይዞታ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። የጎጃም ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠር እንደነበር ከማንም አብልጦ ያብራራው እሱ ነው። ሰው ወደ አቅኚው አባት ትውልዱን ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል፤ ቆጠራው በሴት በኩል ቢያልፍም ርስቱ አይቋረጥም። ስለዚህ የጎጃም ገበሬ ልጅ ሴት ብትሆንም ባለ ርስት ነበረች። በተግባር ግን በሬ የሚጠምደው ወንድ ነው፤ ድርሻ ሲካፈሉ፣ ዳኛ ፊት ሲሟገቱም የሚቆሙት ወንድሟ ወይም ባሏ ነበሩ። የሰማንያ ጋብቻ ከገባች ንብረቷ ይታወቅላታል፤ በደመወዝ የገባች ሴት ግን ውሉ ሲያልቅ ደመወዟን ይዛ ከመሄድ በቀር የምትካፈለው ነገር አልነበረም።

የባለእጅ ልጅ ይህም አልደረሳትም። የምትቆጥረው አቅኚ አባት አልነበራትም፤ ዘመዶቿ በሰው መሬት ጥግ ጎጆ ቀልሰው በእጃቸው ሥራ የሚኖሩ ነበሩ። ሙስሊሙም እንዲሁ በአብዛኛው ከርስት ውጪ ስለነበር ወደ ሽመናና ወደ ንግድ ዞሯል። ርስት ማጣት ደግሞ እህል ከማጣት ያለፈ ነገር ነው። በአድባር ሥር ተቀምጦ የሚመክረው፣ ሽማግሌ የሚሆነው፣ በማኅበር ጽዋ የሚያነሣው፣ ምስክርነቱ የሚከብደው ባለ ርስቱ ነው። የገበሬ ሴት ከእነዚህ ብዙዎቹን በሴትነቷ ብታጣ እንኳ በወንድሞቿ በኩል ወደ አደባባዩ የሚያደርስ መንገድ ነበራት። የባለእጇ ወንድሞችም እንደ እሷ ደጅ የቀሩ ነበሩ።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የከለከሉበት አዋጅ የሚነበበው ከዚህ አንጻር ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሌላውንም ባለሙያ በንቀት ስም የሚጠራ ሰው እስር እንደሚጠብቀው አስታወቁ። ሠራተኛን የሚያዋርድ አገሩን ባዶ እንደሚያስቀርም አሳሰቡ። በዘመኑ በብዙ አገሮች ያልታሰበ ነገር ነበርና ይህን አዋጅ አከብረዋለሁ። ቢሆንም የጠበቀው ስምን ነው። ስድብ ተከለከለ፤ ርስት አልተሰጠም፤ ጋብቻው እንደተዘጋ ቀረ። ቡዳ የሚለው ክስ ደግሞ በአደባባይ እንደሚነገር ስድብ አይደለም። በጆሮ ይንሾካሾካል፤ ታማሚው በጸበል ወይም በጭስ ሲለፈልፍ የአንዲት ጎረቤት ስም ይወጣል። ከሳሹ ማን ይባል? ምስክሩስ? በዚህ ልፍለፋ የሚወጣው ስም ብዙ ጊዜ የሴት ነው፤ ገበያ ለገበያ የምትዞረው፣ ጓዳ ለጓዳ ዕቃ የምታደርሰው፣ ሕፃን አይታ አድንቃለች የምትባለው እሷ ናትና።

ከባለእጇም በታች የቆመች ሌላ ሴት ነበረች። የጎጃም መሳፍንትና ሹማምንት ከአባይ ማዶና ከመተከል ቆላ ባሪያ ያስመጡ ነበር። የጉሙዝ ሕዝብ በዚህ ፍንገላ የደረሰበት ግፍ ገና በቅጡ አልተጻፈም። ከተያዙት መካከል ሴቶችና ልጆች ብዙ ነበሩ፤ ወፍጮ ለመፍጨት፣ ውኃ ለመቅዳት፣ እንጨት ለመልቀም፣ ሌሊት ደግሞ ለጌታው። ፍትሐ ነገሥት ባርነትን በሥርዓት አበጀ እንጂ አልሻረም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ታወጀ፤ ሙሉ በሙሉ የሻረው ሕግ የወጣው ከጣሊያን መባረር በኋላ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

ነፃ የወጣችው ሴት ግን ወዴት ትሂድ? ርስት የላት፣ ዘመዶቿ በረሃ ማዶ ቀርተዋል፣ ቋንቋዋን በልጅነቷ ትታዋለች። ብዙዎቹ በዚያው ቤት ገረድ ሆነው ቀሩ። የልጅ ልጆቻቸው ላይ የተለጠፈው የዘር ስም ባርነት በሕግ ከተሻረ ከብዙ ዓሥርተ ዓመታት በኋላ በጋብቻ ሽምግልና ላይ ዛሬም ይነሣል። አጥንት የሚቆጥር ሽማግሌ የነፃነት አዋጅ አያነብም።

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ዜጎች በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ጻፈ፤ ሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ፤ በተከተለው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ ገቡ። አራት ዓመት ቆይቶ የወጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው፣ ሚስትም ትታዘዘዋለች ብሎ ደነገገ። ከእሱ ቀድሞ የወጣው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ ዋናው ፍርሃቱ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይጠፋ ነበር። በዚያ አመፅ የተሟገተው ባለ ርስት ነው፤ የባለእጅ ቤት የሚሟገትለት መሬት አልነበረውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ገለበጠው። የጾታ ልዩነት ሳይደረግ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት ያገኛል አለ። መተዳደሪያ የሌላት ሴት ከሆነች ሰው ቀጥራ ማሳረስም ትችላለች ብሎ ለብቻዋ ሴት አንድ ቀዳዳ ተወላት። በሕግ ደረጃ ለባለእጇም፣ ለሙስሊሟም፣ ለቀድሞዋ ባሪያ ልጅም ከዚህ የበለጠ አዋጅ ከዚያ በፊት አልወጣም። ነገር ግን በርስት አገሮች ገበሬው በእጁ ያለውን መሬት ይዞ እንዲቆይ አዋጁ ስለፈቀደ ድልድሉ ዘገየ። መሬቱም የሚመዘገበው በቤቱ አባወራ ስም ነበር። ባለእጁ ሲያገኝ ሚስቱ በእሱ በኩል አገኘች፤ ሲፈታት በእሱ በኩል አጣች።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ እስከ ዛሬ በጎጃም ቁስሉ አልደረቀም። በንጉሡና በደርግ ዘመን ሥልጣን የነበራቸው «ቢሮክራት» ተብለው ይዞታቸው ወደ አንድ ሄክታር ዝቅ ተደረገ፤ ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ተጓዙ። የተበደሉት በደላቸው እውነት ነው። ከዚሁ ጋር ግን ከባሏ ተፋታ በወላጆቿ ጓሮ የተጠጋች፣ ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት በስሟ መሬት የተለካላት በዚያን ጊዜ ነው። ለአንዱ በደል የነበረው ለሌላዋ የመጀመሪያዋ እርሻ ሆነ።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የይዞታ ደብተር ነው። የክልሉ ምዝገባ በሙከራ ሲጀመር ምሥራቅ ጎጃም ከመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ነበር። ደብተሩ የባልና የሚስትን ስም አንድ ላይ ይይዛል፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998 እና የተካው አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይህን አጸኑት። በሕግ ታሪካችን ለገጠር ሴት ከወጡ መከላከያዎች እንደዚህ ደብተር የሚጨበጥ የለም እላለሁ፤ ማንበብ የማትችል ሴት እንኳ ፎቶዋን ታውቀዋለች። ደብተሩ የሚጠብቀው ግን መሬት ያላትን ነው። በድልድሉ ጊዜ የተዘለለ የባለእጅ ቤተሰብ ልጅ ደብተር የላትም፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሚደለደል መሬት የለም።

በቤተሰብ ሕጉም በኩል ብዙ ተለውጧል። የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልሉ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ወጡ፤ የባል የበላይነት ተሰረዘ፣ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ሆነ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጠለፋን ጋብቻ እንዳያጸዳው አደረገ፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል አደረገ። ለዚህ ለውጥ ከተሟገቱት ግንባር ቀደም የሆነው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በባሕር ዳርም ቅርንጫፍ ከፍቶ አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሰጥቷል። የቤተሰብ ሕጉ ግን ለተጋቡ ሰዎች ሕግ ነው። በዘሯ ምክንያት ጨርሶ የማትታጭ፣ ብትወደድም የልጁ ወላጆች የሚያፈርሱባት ልጅ የምትጠይቀው ፍርድ በውስጡ የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ለአንባቢ ያሳዩት የጎጃም ግድግዳ፣ አቻ ካልሆነ አይጋባም የሚለው፣ በፍርድ ቤት የሚፈርስ ዓይነት አይደለም። ሆኖም ግድግዳውን የሚጠብቁ ዛቻና ድብደባ፣ ከማኅበርና ከዕድር ማግለል፣ ከጸበል ማባረር ሕግ ሊደርስባቸው የሚችል ድርጊቶች ናቸው።

አሁን ወደ 1987ቱ ሕገ መንግሥት እንምጣ፤ የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው እዚያ ነው። አንቀጽ 25 በዘር፣ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በሀብት፣ በትውልድም ልዩነት እንዳይደረግ ይከለክላል። አንቀጽ 35 ሴቶች ከወረሱት የበታችነት እንዲወጡ የድጋፍ እርምጃ ይሰጣቸዋል፤ ጎጂ ልማድን ያግዳል፤ በመሬት ላይ እኩል መብት ያጎናጽፋል። አንቀጽ 39 ለብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው፤ አንቀጽ 54 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫ ለአናሳ ብሔረሰቦች ያስቀምጣል። በዚህ ሥርዓት በአማራ ክልል አዊ፣ ዋግ ኽምራና ኦሮሞ የየራሳቸውን ብሔረሰብ ዞን አግኝተዋል፤ የአዊ ሴት በቋንቋዋ ልትዳኝ ትችላለች፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በጎጃም የጎዛምን ወረዳ ሸክላ ሠሪስ? አማርኛ ትናገራለች፤ ብዙ ጊዜ ኦርቶዶክስ ናት፤ በሕዝብ ቆጠራ አማራ ተብላ ትመዘገባለች። ጎረቤቶቿ ለብቻዋ ሲለይዋት ሕገ መንግሥቱ ከብዙኃኑ መካከል ይቆጥራታል። አናሳነትን በብሔር ብቻ የሚለካ ሕግ እሷን የሚያይበት ዓይን አልተሠራለትም። የምትጠቀምበት በር የአንቀጽ 25 «ትውልድ» የሚለው ነው፤ ይህን በር የሚያብራራ ዝርዝር አዋጅ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም።

የወይጦዋ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በጣና ዳርቻ፣ በባሕር ዳር ከተማም ውስጥ የሚኖረው ይህ ሕዝብ ጥንት ጉማሬ አዳኝ ነበር፤ የደንገል ታንኳ የሚሠራ ነው። የራሱን ቋንቋ አጥቶ አማርኛ ከተናገረ ትውልድ አልፏል። ሙስሊም ነኝ ይላል፤ ጉማሬ በልቷል ተብሎ ግን ሌሎች ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ለዘመናት ተጸይፈውታል። እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጣና የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ስለእነሱ ጽፏል። የወይጦ ሴት ደንገልና ስፌት ትሠራለች፤ ከተማው ወደ ሐይቁ ዳር ሲገፋ የሚጠበው የእሷ መንደር ነው። በሴትነቷ ላይ ሃይማኖቷ፣ በሃይማኖቷ ላይ ዘሯ ይደረብባታል፤ የራሷ ዞን የላት፣ የራሷ ወረዳ የላት።

ለሙስሊሟ ሴት ሕጉ የሰጠው ከሌሎቹ የተለየ ነገር ነው። የቃዲ ፍርድ ቤቶች በ1934 ዓ.ም. በሕግ ታወቁ፤ በ1992 ዓ.ም. ግድም በአዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተጠናከሩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ደግሞ በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው ይላል። በ1996 ዓ.ም. አንዲት ሙስሊም ሴት ሳልፈቅድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተዳኘሁ ብላ በውርስ ጉዳይ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰች፤ ምክር ቤቱም ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነላት። በዚህ ቅኝት ከጠቀስኳቸው ሁሉ እጅግ የሚያበረታታው ይህ ውሳኔ ይመስለኛል፤ ለአንዴ እንኳ የሃይማኖት መብትና የሴት መብት በአንድ ሰው ላይ አብረው ታይተዋልና። ውሳኔው ግን ዘመድ አዝማድ ሲቆጣ ፈቃዴን አልሰጥም ለማለት የሚበቃ አቅም ላላት ነው የሚጠቅመው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት አምስት ጥቁር ሴቶች ጄኔራል ሞተርስ የተባለውን የመኪና ኩባንያ ከሰሱ። ኩባንያው ሴቶችን ይቀጥራል፤ ነጮችን፣ ለቢሮ። ጥቁሮችን ይቀጥራል፤ ወንዶችን፣ ለፋብሪካ። ፍርድ ቤቱ የዘርና የጾታ ክሱን አዳብሎ ማየት አልፈቀደም። የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህን ፍርድ አንሥታ ሁለት በደል በአንዲት ሴት ላይ ሲገናኝ ሕጉ እንዴት እንደሚታወር አሳየች። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 «በአንድ ወይም ከአንድ በላይ ምክንያት» የሚደረግ ልዩነትን ከለከለ። ለእኛ ይበልጥ የምትቀርበው ግን ህንድ ናት። ዝቅ ተደርገው በሚታዩ ወገኖች ላይ የሚፈጸም ግፍን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1989 አወጣች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሻሻል ከእነዚህ ወገኖች አንዱን ጠንቋይ ነህ፣ ጠንቋይ ነሽ በሚል ውንጀላ መጉዳትና ማሠቃየት ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ ገባ። በጎጃም የቡዳ ክስ የሚደርስባት ሴት ጉዳይ በሌላ አገር ሕግ ውስጥ ከሞላ ጎደል ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው።

የእኛው የ2012ቱ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ሲወጣ ይህን ዓይነት ክልከላ ለመጨመር ዕድል ነበር። አዋጁ የሚዘረዝረው ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳትን ነው። በሙያና በትውልድ የሚደርስ ንቀት በስሙ አልተጠራም፤ አንድ ዳኛ «ዘር» የሚለውን አስፍቶ ካልተረጎመው በቀር ባለእጇ ከዝርዝሩ ውጪ ናት። ከምኒልክ አዋጅ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ሕግ በዚህ ረገድ ከእሱ ያነሰ መሆኑ ያሳዝናል።

እንግዲህ አንዲት ሸክላ ሠሪ ባሏ ፈትቷት፣ ወንድሞቹ ከጎጆዋ አስወጥተዋት፣ መንደሩ ቡዳ ናት ብሎ ዕቃዋን መግዛት አቁሟል እንበል። ፍቺዋ ለቤተሰብ ችሎት ይቀርባል። የመሬት ነገሯ መጀመሪያ በሽምግልና ይታያል፤ ሽማግሌ ሆነው የሚቀመጡት በመንደሩ የተከበሩት፣ ማለትም እሷን ማዕድ የማያጋሯት ሰዎች ናቸው። ስም ማጥፋቱ ፖሊስ ዘንድ ይሄዳል፤ ምስክር አምጪ ትባላለች፤ መመስከር የሚችለው የሚፈራት ሰው ነው። ሦስት መዝገብ ይከፈታል፣ በሦስቱም ውስጥ የበደሏ ሲሶ ብቻ ይጻፋል። ሰኞ ለችሎት ደብረ ማርቆስ ስትሄድ ደግሞ የገበያ ቀኗ ያልፋታል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት በጎጃም የብዙ ወረዳና ቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ተስተጓጉሏል። ደብተር በእጇ ያላት ሴት እንኳ አቤት የምትልበት በር ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል፤ ሽምግልናው ብቻውን ዳኛ ሆኖ በቀረበት ቦታ ድሮም ድምፅ ያልነበራት ይበልጥ ዝም ትላለች።

ችሎቶቹ ሙሉ ሥራ ሲጀምሩ የክልሉ ምክር ቤት ሊያደርጋቸው የሚችላቸው፣ ሰፊ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። በሙያና በትውልድ ማግለልን በስሙ ጠርቶ መከልከል፤ በአንድ በደል ላይ የተከፈቱ መዝገቦችን አንድ ዳኛ አጣምሮ እንዲያያቸው መፍቀድ፤ በቡዳ ስም የተባረረች ሴት ስትከስ አባራሪው ምክንያቱን እንዲያስረዳ ማድረግ፤ የመሬት ሽምግልና ሲቆጠር ከአመልካቿ ወገን አንድ ሰው፣ ከሴቶችም አንዲት እንድትቀመጥ ማስገደድ። የመጨረሻው ለመሬት አዋጁ በሚወጣ ደንብ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ሊጻፍ ይችላል። ሲጻፍ ከጎዛምን፣ ከማቻከል፣ ከደብረ ኤልያስ ሸክላ ሠሪዎች ጥቂቶቹን ጠርቶ ረቂቁን ማንበብና ቃላቸውን መስማት ይገባል፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ስለነሱ በወጡት አዋጆች ላይ አንዴም ተጠይቀው አያውቁም።